ከኖራው ሥር

ቀቢው ሽማግሌውን ያወቀው ገና ከበሩ ሲገባ ነው። መሰላሉን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ፣ የኖራ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ። ሰው ሲያረጅ ፀጉሩ ይሄዳል፣ ጥርሱ ይሄዳል፤ የዚህ ሰውዬ ግራ ትከሻ ግን የትም አልሄደችም። ያኔም ከቀኟ ከፍ ብላ ነበር፣ አሁንም ከፍ እንዳለች ናት። አንገቱ ላይ ያቺው ባለመስመር ሻርፕ፣ እሷ ራሷ ባትሆን እንኳ ልጇ፣ በዚያ ሙቀት ተጠምጥማለች። በአረጋውያን መኖሪያው ግቢ፣ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ከዘራው ላይ ደራርቦ፣ ወፍራም መነጽሩን ቀጥታ ወደ ቀቢው አነጣጥሮ ያየዋል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ቀቢው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ሽማግሌው። በቃ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አልተንቀሳቀሰም። አንተ እገሌ አይደለህም ወይ የለ፣ የት ጠፋህ የለ። በተከፈተ በር እንደገባ ነፋስ ቆጠረው።

ቀቢው መሰላሉን አስደግፎ ኖራውን ማማሰል ጀመረ፤ ሆዱ ግን ከኖራው በፊት ፈላ። እንዴት አይፈላ? ትምህርት ያስጠላው ሰው እኮ ይኸው ነው። የስዕል አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ዛፍ ሳሉ አለ። ልጁ ሁሉ ግንዱን ቡኒ፣ አናቱን እንደ ኳስ ክብ የሆነ አረንጓዴ አድርጎ ሳለ። እነቀቢው ቤት ፊት ለፊት ግን አንድ ዛፍ ነበረች፤ ወቅቱ ሲለወጥ በነፋሱ በኩል ያለው ጎኗ ቀድሞ ይራቆትና ሌላው ጎኗ ቅጠሉን ይዞ ይሰነብታል። እሱም እንዳያት ሳላት፤ ግማሿን ራቁት፣ ግማሿን ለምለም። አስተማሪው ወረቀቱን አንስቶ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና ሳቀ። ክፍሉም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀርቶ «ግማሽ ዛፍ» ሆነ። ግማሽ ዛፍ ኳስ አቀብል፣ ግማሽ ዛፍ ዞር በል። በዚያው ዓመት ትምህርቱን አቆመ። አባቱ ታመው ቤቱ ሠራተኛ ስላስፈለገው ነው ያቆመው የሚሉ አሉ፤ እናቱም እንደዚያ ይሉ ነበር። እሱ ግን የሚያውቀውን ያውቃል።

የመኖሪያው ኃላፊ፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የሚንሿሿ ፈርጠም ያለች ሴት፣ መጥታ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አሳየችው። «የዝናቡ ወራት ሳይገባ ጨርስልኝ። ባለፈው ክረምት ሻግቶ አስጠላኝ» አለችና ሄደች። እሱም መሰላሉ ላይ ወጥቶ መቀባት ጀመረ። ጥቂት እንደሠራ ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ብሩሽህ ደርቋል።»

«ምን አሉኝ?»

«ብሩሽህ። እየፋቀ ነው። ንከረው።»

ብሩሹ እውነትም ደርቆ ነበር። ይበልጥ ያቃጠለውም ያ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ከአግዳሚ ወንበር ላይ ትእዛዝ ሲሰጠው። ሰውዬው ዛሬም አስተማሪ ነው፣ እሱ ዛሬም ተማሪ ነው ማለት ነው። «እሺ» አለ በጥርሱ። በሆዱ ግን፣ ቆይ አንተን ብቻ፣ አለ።

ኖራን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ስስ ኖራ ሲደርቅ ይነጣል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ንጣቱ ይሄድና እንደ መስታወት ሥሩ ያለውን ያሳያል። የተሰረዘ ጽሑፍ፣ የድሮ ቀለም፣ የልጅ ሙጭርጭር፣ በጋውን ሁሉ ተደብቆ ይከርምና ዝናብ ሲመታው ብቅ ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ቀቢው ስንት ጊዜ «አልቀባህልንም» ተብሎ ተሰድቧል። አሁን ያ ስድብ የሚጠቅምበት ቀን መጣ ብሎ አሰበ።

ቀትር ላይ ሽማግሌዎቹ ለምሳ ሲገቡ ግቢው ባዶ ሆነ። ቀቢው ጥላሸት ከተቃጠለ የመኪና ዘይት ጋር ለወሰ፤ ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ ነው። ከዚያ ልክ ከአግዳሚው ወንበር ጎን፣ ሰው ቁመት ላይ፣ አህያ ሳለ። በሁለት እግሩ የቆመ አህያ። መነጽር አደረገለት። አንገቱ ላይ ባለመስመር ሻርፕ ጠመጠመለት። ሰኮናው ላይ ቾክ አስያዘው። ግራ ትከሻውን ከፍ አደረገለት። ጆሮውንማ ከልክ በላይ አስረዘመው። አንድ መስመር አልሰረዘም። ዕድሜውን በሙሉ ሰው የማያየው ነጭ ሲቀባ የኖረ ሰው፣ እንደዚያ ቀን አድርጎ ስሎ አያውቅም። ልስኑ ዘይቱን በማግስቱና በሳልስቱ እየጠጣ ሲሄድ አሮጌ ጆንያ ከላዩ ሰቅሎ ደበቀው፤ ከዚያ ስስ ኖራ አለበሰው። ነጭ ሆነ። ምንም የለም።

ማታ ለሚስቱ አወራላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አይወርድም።

«ማን ተቀምጦ አገኘሁ መሰለሽ? ያ የስዕል አስተማሪ።»

«ውይ፣ እሱ ሰውዬ በሕይወት አለ? እኛ ቤት እኮ ከዘመድ በላይ ነው ስሙ የሚነሳው።»

ስለ አህያው እየሳቀ ነገራት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ሽማግሌ ነው እኮ።»

«አህያም ያረጃል።»

«ዝናብ ሲመጣ አንተ የት ትሆናለህ?»

«እኔማ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ግድግዳ።»

«እሱስ?»

«ማን?»

«ሰውዬው ነዋ። እዚያው አይደል የሚሆነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልሳቀችም። ቀቢውም፣ ሴት ቀልድ አታውቅም፣ ብሎ ተኛ።

ሥራው ያለቀ ቀን ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሊያዩ ወጡ። ለማመስገን መስሎት ነበር።

«ዓይናችንን አጠፋው» አሉ ድሮ የአውቶብስ ሾፌር የነበሩት አዛውንት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው። «ሆስፒታል የገባሁ ነው የመሰለኝ።»

«እዚህ ጋ እኮ ዛፍ ነበረች» አሉ ሹራባቸውን ከእጃቸው የማይለዩት አሮጊት። «ሥሯ ግድግዳ ሰነጠቀ ተብላ ተቆረጠች። ለምን እሷን አይስልልንም?»

ኃላፊዋ ቀቢውን አየችው። «ትችላለህ?»

መልሱን ሳይሰጥ ክርክሩ ተነሳ።

«ቅጠል የሌላት ትሁን» አሉ ሾፌሩ። «እኔ ያችን ቅጠል ስጠርግ ነው ወገቤ የተቆረጠ።»

«እርስዎ መቼ ጠርገው ያውቃሉ? መጥረጊያውን ደገፍ ብለው ነበር የሚያንቀላፉት።»

«ራቁቷን ስትሆን ቅርፏ ያምራል።»

«ቅጠል ከሌላት እንጨት ናት። የማገዶ ሥዕል ሊያሠሩ ነው?»

ቀቢው ዝም ማለት ነበረበት። ባልዲውን አንስቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ መሄድ ነበረበት። ግን አፉ ቀደመው። «ሁለቱም ይሆናል» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ግንዱንና ቅርንጫፉን ከኖራው በላይ እሠራለሁ። እሱ ሁልጊዜ ይታያል። ቅጠሉን ደግሞ ከስስ ኖራ ሥር እደብቀዋለሁ። በጋውን ሁሉ ራቁቷን ትቆማለች። ዝናብ ሲመታት ቅጠሏ ይወጣል። ሲያባራና ግድግዳው ሲደርቅ ይረግፋል።» ይህን ሲናገር የገዛ ድምፁ ገረመው። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ግን እሱ ያውቃል። ከአህያው ነው።

አግዳሚው ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። ቀስ እያለ መጥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ልክ አህያው ሆድ ላይ። 

«በጣም ነጭ ነው?» ሲል ጠየቀ ሰውዬው።

ቀቢው ግራ ገባው። ኃላፊዋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ዓይናቸው ከሄደ ቆየ እኮ» አለችው። «ብርሃንና ጥላ ነው የሚለዩት። አልነገርኩህም? መነጽሩን ልማድ ሆኖባቸው ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ያ ሰላም ያልሰጠ ዓይን አላየውም ነበር። ያ ደረቀ የተባለ ብሩሽ በጆሮ ነው የተሰማ። እሱ ቂም ቋጥሮ፣ ጥላሸት ለውሶ፣ ዓይነ ስውር ላይ ጆሮ ሲቀጥል ነው የዋለው። ከዚያች ሰዓት በኋላ በሆዱም ቢሆን «አንተ» ሊላቸው አልሆነለትም።

መምህሩ እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ ፈገግ አሉ። «ይገርምሃል፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዛፍ የሳለ ልጅ ነበረኝ። ግማሹ ራቁት፣ ግማሹ ቅጠል። ሁለቱን ወቅት አንድ ወረቀት ላይ። አንስቼ ለክፍሉ አሳየሁት። ልጆቹ ሳቁ።»

«እርስዎስ?» አለ ቀቢው።

«እኔ?» አሰቡ። «እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ስለ ሥዕሉ ላስረዳቸው ስል ደወል ተደወለ። ልጁ ወረቀቱን ሳይወስድ ወጣ። ነገ ይወስደዋል እያልኩ አስቀምጬለት ነበር፤ በኋላ ትምህርቱን አቆመ አሉኝ። ወረቀቱም ቤት ስቀይር የት እንደገባ እንጃ።»

እኔ ነኝ ማለት ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን አህያው አለ፣ ከመዳፋቸው ሥር። እኔ ነኝ ካለ፣ ዝናብ የመጣ ቀን ያንን ማን እንደሳለውና ለምን እንደሳለው ማንም ይገባዋል። ጎንበስ ብሎ ብሩሹን ማጠብ ያዘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሸከመው ሳቅ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበረ ለማስታወስ ሞከረ። ሊለየው አልቻለም። ከፍ ያለችውን ትከሻ ያስታውሳል፣ የተከፈተውን አፍ ያስታውሳል፤ ዓይናቸውን ግን አላስታወሰም። ቀና ብሎ አላያቸውም ነበራ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት፣ ያ ጥላሸት ባይኖር ኖሮ፣ በሕይወቱ የተሻሉት ይሆኑ ነበር። ወቅቱ መለወጥ የጀመረበት ሰሞን ነው። ደረቁ ነፋስ ቆሞ፣ ከሰዓት ከሰዓት ደመና ይሰበሰባል፤ በየመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ጫፋቸው ላይ እንደ ክብሪት ራስ ቀላ ያለ ነገር ያበቅላሉ። ቀቢው ለዓመታት ዛፍ ቀና ብሎ ያላየ ሰው፣ አሁን ወደ ሥራ ሲሄድ አንገቱን አንጋጦ ከሰው ይጋጫል። ቅጠል እየቀጠፈ ኪሱ ይከታል። የዛሬው ከትናንቱ እንዴት እንደሚለይ ያያል፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቢጫ ቢጤ፣ ከዚያ እንደ ጥሬ ባቄላ፣ ከዚያ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። አረንጓዴ የሚባለውን ቀለም አንድ ብቻ አድርጎ የፈጠረው ቀለም ሻጩ እንጂ ዛፉ አይደለም ብሎ ደመደመ። ሚስቱ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ፣ «ምነው፣ ፍየል ልታረባ ነው?» አለችው።

መምህሩ ቀን ቀን አግዳሚው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የብሩሹን ድምፅ ይሰማሉ።

«አሁን የቱ ጋ ነህ?»

«በስተቀኝ ያለው ቅርንጫፍ ላይ፣ መምህር። የመጨረሻዋ ቀጭን ጫፍ ላይ።»

«ቅጠሉ ምን ዓይነት ነው?»

«ገና ሊፈታ ነው። እንደ ሕፃን ጡጫ ጭብጥ ብሎ ታጥፏል።»

«እህ» ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጨፍነው የሚያዩ ይመስል። «አንተ እኮ ታያለህ። ብዙ ሰው ዓይን አለው እንጂ አያይም።»

እንዲህ ሲሉት ቀቢው የጨረሰውን ቅጠል ደግሞ ይቀባል። ሰው ሲወቅሰው የለመደ ሆድ፣ ሲመሰገን መግቢያ ያጣል።

አህያውን ሊያጠፋው አልሞከረም አይባልም። ደጋግሞ ወፍራም ኖራ ደረበበት፤ ዘይቱ ኖራ አያስይዝም፣ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተላጦ ይወድቃል፤ የሚቀረው ያ የመጀመሪያው ስስ ልባስ ብቻ ነው። ድንጋይ ልሳልበት ብሎ ቀለም ለወሰ፤ ያም ተንሸራተተ። ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ የተጠነቀቀው ራሱ ነው፤ ጥንቃቄው ይኸው መልሶ ያዘው። የቀረው ልስኑን በመሮ መቆርቆር ብቻ ነበር። አንድ ቀትር ላይ ግቢው ባዶ ሲመስለው መሮና መዶሻ አወጣ። ሁለቴ እንደመታ ከኋላው ከዘራ ተሰማ።

«ምን ትቆረቁራለህ?»

«እ... እብጠት ነው መምህር። ልስኑ አብጦ ነው።»

«የት? እዚህ ወንበሬ ጋ?» በእጃቸው ዳሰሱት። «ተወው ባክህ። እኔም አብጫለሁ፣ ማንም አልቆረቆረኝም።» ሳቁና ተቀመጡ። እሳቸው እዚያ ተቀምጠው፣ ያ ፊት ወደ እሱ ዞሮ እየሳቀ፣ የገዛ አህያቸውን አጠገባቸው ሊቆረቁር አቃተው። መሮውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ነገ አለ። ነገም እሳቸው አሉ።

ከዚያ ዛፏ አለቀች፤ ራቁቷን፣ ጥቁር ቡኒ ሆና ነጩ ላይ ቆመች። ሾፌሩ «ይኸውላችሁ ቅርፅ» አሉ፤ ሹራብ ሠሪዋ «ዝናቡ ይምጣና እንተያያለን» አሉ። ኃላፊዋም የመጀመሪያው ዝናብ ቀን ከነቤተሰቡ እንዲመጣ ቀቢውን ለመነችው። እሱ ግን ዝናቡ እንዲዘገይ ሰማዩን መለመን ያዘ። ገበሬ ቢሰማው በድንጋይ ይወግረው ነበር።

«ሂድና ንገራቸው» አለችው ሚስቱ።

«ምን ብዬ?»

«አህያ ሳልኩብዎ ብለህ ነዋ። ዝናቡ ከሚነግራቸው አንተ ንገራቸው።»

«ምናልባት አይወጣም። ብዙ ደርቤበታለሁ።»

ሚስቱ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

ዝናቡ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ፤ ቀቢው የያዘውን ሥራ ጥሎ ሮጠ፣ ሚስቱም ጃንጥላ ይዛ ተከተለችው። ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ወንበር ደርድረው ትያትር እንደሚያይ ሰው ተቀምጠዋል፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ለብሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ግድግዳው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ እየሠሩ አረፉ።

ቀቢው ግቢውን አቋርጦ ሄዶ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ።

«እንዴ፣ ምን ሆነ?» አለች ኃላፊዋ። «ወደ በረንዳው ና እንጂ፣ ትበሰብሳለህ።»

«ይመቸኛል።»

«ሠዓሊ ሲሆኑ እንዲህ ነው» አሉ ሾፌሩ። «ቅድም ጤነኛ ነበር።»

ዝናቡ በረታ። ውሃው ከፀጉሩ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ሸሚዙ ወረደ። በረንዳው ላይ ያሉት ፊታቸው ሲለወጥ ያያል። ሹራብ ሠሪዋ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አንዲት ሌላ አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቅጠሉ እየወጣ ነው ማለት ነው። ስንት ቀን ኪሱ እየሞላ የለቀማቸው፣ አንድ በአንድ የሠራቸው ቅጠሎች፣ ከጭንቅላቱ በላይ እየተፈቱ ነው፤ እሱ ግን ሊያያቸው አይችልም። ዞር ካለ አህያው አለ።

መምህሩ ከወንበራቸው ተነሱ። ኃላፊዋ ልትይዛቸው ብትሞክርም እምቢ አሉ። ከዘራቸውን እያስቀደሙ፣ ሻርፓቸው እየረጠበ፣ በዝናቡ ውስጥ ቀጥታ ወደ እሱ መጡ።

«የታለህ?»

«እዚህ ነኝ መምህር።»

«ንገረኝ። ወጣ?»

«ወጥቷል።»

«በስተቀኝ ያለው ቅርንጫፍስ? ያ እንደ ሕፃን ጡጫ ያልከኝ?»

«እሱም... እሱም ወጥቷል።»

«አንተ፣ ድምፅህ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጀርባህን ሰጥተህ እንዴት ታየዋለህ? ዞር በልና ንገረኝ እንጂ።»

ዞረ። ሌላ ምን ያደርጋል? ዞረና ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቀ። ዛፏ ከላይ እስከ ታች ለብሳለች፤ ቀላ ያለው፣ ቢጫ ቢጤው፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ያበራል። ከሥሯ፣ ልክ ጀርባው በነበረበት ቦታ፣ ኖራው ተላጦ ወርዷል። አህያው ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ አንድ መስመሩ እንኳ ያልደበዘዘ፣ ቾኩን ይዞ ቆሟል።

በረንዳው ላይ ጫጫታው ተቋረጠ። ሾፌሩ አንድ ሳቅ አምልጧቸው መሃል ላይ ዋጡት። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ምን አዩ?» አሉ መምህሩ። «ምነው ዝም አሉ?»

«አህያ አለ፣ መምህር።»

«አህያ? ዛፉ ሥር?» ፊታቸው በራ። «ጎሽ። ጥላ ፈልጎ ነው የመጣው። ጥሩ አስበሃል። እኔ ብሆን አላስበውም ነበር።»

መውጫው ይኸው ተከፈተለት። አዎ፣ ጥላ ፈልጎ ነው፣ ቢል ያበቃ ነበር። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ፣ ሾፌሩ ሳይቀሩ፣ እንዲያ እንዲል ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል፤ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ለእሱ ብለው ሳይሆን ለመምህሩ ብለው። ወደ ሚስቱ አየ። ጃንጥላውን ዘቅዝቃ ይዛ በዝናቡ ቆማለች፣ እሱን አታየውም፣ መሬት መሬት ነው የምታየው። በእሱ ምክንያት መሬት ስታይ ያያት ያኔ ነው።

«መነጽር አድርጓል» አለ ቀቢው።

መምህሩ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «አህያው?»

«አዎ። ሻርፕም አለው።»

የሽማግሌው እጅ ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው ሄደ። እርጥቡን ሻርፕ ያዙት። «ባለመስመር?»

«ባለመስመር።»

«ትከሻውስ?»

«ግራው ከፍ ያለ ነው።»

ሻርፑን ለቀቁት። «መቼ ሳልከው?»

«የመጣሁ ቀን። ሰላም የነሱኝ መስሎኝ። ዓይንዎ እንደማያይ አላወቅኩም ነበር።» ከዚያ፣ ካለቀ ይለቅ ብሎ፣ የቀረውንም አወጣው። «ያ ዛፍ የሳለው ልጅ፣ ወረቀቱን ሳይወስድ የወጣው፣ እኔ ነኝ።»

መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ዳሰሱ። ሌላው ሁሉ ሻካራ ነው፤ ዘይቱ ያለበት ቦታ ግን ይለሰልሳል። ጣታቸው መስመሩን አገኘው። በመነጽሩ ላይ አለፈ፣ ግንባሩን ወጣ፣ ከዚያ ጆሮውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ።

«ረጅም ነው» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

እጃቸውን አወረዱ። ዞረው ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወደ በረንዳው ተመለሱ፤ ሹራብ ሠሪዋ መንገድ ላይ ተቀብለዋቸው ክንዳቸውን ያዙ። ቀቢውን የሰደበው የለም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ለስድብ መልስ ያውቃል። ኃላፊዋ ፎጣ አምጥታ ለሚስቱ ብቻ ሰጠቻትና ገባች።

ግድግዳው የደረቀ ቀን መሮውን ይዞ መጣ። ማንንም አላስፈቀደም፣ ማንም አልከለከለው። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። አህያውን ዙሪያውን ተከትሎ ቆርቁሮ አወጣው፣ ጆሮውንም ጭምር፣ ከዚያ አዲስ ልስን ሞላበትና ኖራ ቀባው። አማረ። ተኩራርቶ አይደለም፣ ሥራ ስለሚያውቅ ነው። ግን አዲስ ልስን ውሃ የሚጠጣው እንደ አሮጌው አይደለም፤ ይህንንም ሥራ ስለሚያውቅ ያውቃል። በሚቀጥለው ዝናብ ግድግዳው ሁሉ ጠቁሮ ዛፏ ስትለብስ፣ ያ ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። ነጭ አህያ፣ ከነጆሮው። ይህን የነገረችው ሚስቱ ናት፤ እሷ ለአሮጊቶቹ ልብስ እየጠገነች መሄዷን አላቆመችም። እሱ በዝናቡ ወራት በዚያ መንገድ ማለፍ ትቷል። ቢረዝምም በላይኛው መንገድ ይዞራል።

አንድ ቀን ግን ላይኛው መንገድ በጎርፍ ተዘጋና በዚያ በኩል መጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ። ከአጥሩ በላይ የዛፏ የላይኞቹ ቅርንጫፎች ብቻ ይታያሉ፤ ባዶ ነበሩ፣ ከዚያ እዚያው እያየ ጫፋቸው ቀላ። ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

«ወጣ?» የመምህሩ ድምፅ ነው።

«ወጥቷል፣ ወጥቷል» ሹራብ ሠሪዋ ናቸው።

«ምን ይመስላል?»

«አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴውማ ምን ዓይነት?»

«አረንጓዴ ነዋ። አረንጓዴ ስንት ዓይነት አለው?»

«አለው እንጂ» አሉ መምህሩ። «አንድ የሚነግረኝ ሰው ነበር።»

ቀቢው እጁ በሩ ላይ ነው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ገና ነው፣ መምህር፣ እንደ ጥሬ ባቄላ ነው፣ ከታች በኩል ግን ጠቁሯል፣ ሊል ይችላል። በሩ አልተቆለፈም። ቆመ። ዝናቡ በርትቶ ቅጠሉ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ቆመ። ከዚያ እጁን ከበሩ ላይ አነሳና፣ ቀለም ያልነካውን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄደ።